የሆስፒታል ሊፍት ጥገና፦ አዳማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ የሆስፒታልና የክሊኒክ ሊፍት ስጠግን፣ ከጥበቃ እስከ ሜዲካል ዳይሬክተር ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው የሰበሰብኩት።

የሆስፒታል ሊፍት ከሌላው ሕንፃ ሊፍት በምን ይለያል?

መጀመሪያ በመጠኑ። ለሰው ብቻ የተሠራ ሊፍት አልጋ አያስገባም። የአልጋ ሊፍት የምንለው ብዙ ጊዜ ካቢኑ 1.40 ሜትር ወርድና 2.40 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 1,600 ኪሎ የሚያነሳ ነው። አልጋው፣ ገፊው፣ ነርሷና የግሉኮስ ማንጠልጠያው አብረው ይገባሉ። 1,275 ኪሎ የሚያነሳ አነስ ያለም አለ። እሱ ስትሬቸር ይችላል፤ የፅኑ ሕሙማን አልጋ ከነማሽኑ ሲመጣ ግን ይጠበዋል።

ሁለተኛው ልዩነት አቋቋሙ ነው። የገበያ ማዕከል ሊፍት ከወለሉ ሦስት ሴንቲ ዝቅ ብሎ ቢቆም ሰው ረግጦት ያልፋል። የስትሬቸር ጎማ ግን ትንሽ ናት፣ እዚያ ላይ ስትደርስ ትነጥራለች። እግሩ የተሰበረ ሰው ያቺን ሦስት ሴንቲ አይረሳትም። ስለዚህ ልዩነቱ ከ10 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ነው የምንፈልገው። ፍጥነቱ ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ ለአራት ለአምስት ፎቅ በሰከንድ 1 ሜትር ይበቃል።

በየስንት ጊዜ ሰርቪስ ይደረግ?

ቢያንስ በወር አንዴ። ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ሆስፒታል ግን በደረቁ ወራት በሩን ብቻ በየ15 ቀኑ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። በወሩ ሰርቪስ በሩ፣ ፍሬኑ፣ የበር ቁልፍ ኮንታክቶች (በሩ መዘጋቱን ለሊፍቱ የሚነግሩት ማብሪያዎች)፣ ካቢኑ የሚሄድበት የሐዲዱ ዘይት፣ የካቢኑ መብራትና የአደጋ ደወል ይታያሉ። ካቢኑ ከመጠን በላይ ሲፈጥን የሚይዘው መሣሪያ ደግሞ በዓመት አንዴ ይፈተናል።

“ቴክኒሻኑ መጥቶ ፈርሞ ሄደ” ሰርቪስ አይደለም። ካቢኑ ጣሪያ ላይ ያልወጣ፣ ታች ጉድጓድ ያልወረደ ሰው አልሠራም ማለት ነው። ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት ልብሱን እዩት። ንፁህ ከሆነ ጠይቁት።

አዳማ ላይ ሊፍት ቶሎ ቶሎ የሚበላሸው ለምንድነው?

አንደኛ ነፋስና አቧራ። ከከተማው ወጣ ስትሉ የምታዩዋቸው የነፋስ ተርባይኖች በከንቱ አልተተከሉም፤ ሁለተኛው የአዳማ ጣቢያ ብቻ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነው የተሠራው። ያው ነፋስ የሆስፒታሉ በር በተከፈተ ቁጥር አቧራውን ይዞ ይገባል። ሊፍቱ የሚመላለስበት ጉድጓድ ደግሞ እንደ ጭስ ማውጫ ነው፣ ከታች የገባውን ወደ ላይ ይስበዋል። አቧራው የበሩ ሮለር ላይ፣ ኮንታክቶቹ ላይ፣ የኢንቨርተሩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ማራገቢያ ላይ ይከመራል።

ሁለተኛ ሙቀት። የማሽን ክፍል (ሞተሩና መቆጣጠሪያው ያሉበት ክፍል) ዕቃዎች በአብዛኛው እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ድረስ እንዲሠሩ ነው የሚመረቱት። ጣሪያ ላይ ያለች መስኮት አልባ ጠባብ ክፍል በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ይህንን ታልፋለች። ኢንቨርተሩ ራሱን ለማዳን ያጠፋል። “ከሰዓት ይቆማል፣ ማታ ደህና ነው” ሲሉኝ መሣሪያዬን ከማውጣቴ በፊት የክፍሉን ማራገቢያ ነው የማየው። አንዳንዴ ማራገቢያው ደህና ሆኖ ፊቱ ላይ የተጣለ ካርቶንና የተሰበረ ወንበር አገኛለሁ። ማሽን ክፍል ስቶር አይደለም።

ሦስተኛው የመብራት መውረድና መውጣት ነው። እሱን ከታች አነሳዋለሁ።

በሩ ሊዘጋ ሲል ተመልሶ ይከፈታል። ምን ሆኖ ነው?

ከሚደወልልኝ ጥሪ ትልቁ ድርሻ ይሄ ነው። ሰው ሊፍት ሲባል ገመድና ሞተር ይታየዋል። በተግባር ግን ሊፍት የሚታመመው በሩ ላይ ነው። ሞተሩ አንዴ ተነስቶ አንዴ ይቆማል፤ በሩ ግን በየፎቁ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይገጫል፣ ይገፋል።

መጀመሪያ ወለሉ ላይ ያለውን በሩ የሚንሸራተትበትን ቦይ እዩ። አንድ የግል ሆስፒታል ሊፍቱ ሁለት ቀን ቆሞ ጠሩኝ። “ቦርዱ ተቃጥሏል” (የሊፍቱ መቆጣጠሪያ ማለት ነው) ብሎ የነገራቸው ሰው ነበር፣ የቦርድ ዋጋም አስጠይቀዋል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጎንበስ ብዬ በእጅ ባትሪ ሳየው ቦዩ ውስጥ አንዲት የመርፌ ክዳን ተሰክታለች። የሲሪንጅ መርፌ የምትከደንበት ትንሿ ፕላስቲክ ናት። በሩ ሊዘጋ ጣት የማታህል ክፍተት ሲቀረው እሷ ላይ ይደርስና ይመለሳል። በፒንሳ ጎትቼ አወጣኋት፣ ሊፍቱ ሄደ። ያን ቀን ምን ብዬ ሒሳብ እንደምጠይቅ ጨንቆኝ ነበር።

ቦዩ ንፁህ ከሆነ በበሩ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋውን የጨረር ሴንሰር በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። አቧራ ወይም የተለጠፈ ፕላስተር ካለበት ሁልጊዜ ሰው የቆመ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላም እንቢ ካለ፣ በሩ በስትሬቸር ተመትቶ ጎብጦ ይሆናል። ያኔ ቴክኒሻን ጥሩ። አልጋ በሚገፋበት ከፍታ ላይ ግድግዳውና የካቢኑ ጎን የእንጨት ወይም የጎማ መከላከያ ቢደረግለት ብዙ ወጪ ይቀንሳል። በሩን በወንበር፣ በባልዲ ወይም በጡብ ደግፎ ማስቆምም ይቅር፤ የበሩ ሞተር እየገፋ እየገፋ ይግልና ይሞታል።

ፅዳት ሠራተኞች ሊፍቱን በምን ያፅዱት?

በረኪና በባልዲ በጥብጦ ካቢን ውስጥ ማፍሰስ ሊፍት ገዳይ ነው። ሆስፒታል በመሆኑ ማጽጃው ግዴታ ነው፣ ገብቶኛል። ግን በረኪና አይዝጌ የሚባለውን ብረት ሳይቀር ይበላል። ውሃው በቦዩ በኩል ይወርድና ከታች ያሉትን ኮንታክቶች ያገኛቸዋል። ከዚያ እኔን ያገኙኛል።

ጨርቁ በማጽጃው ይነከር፣ ይጨመቅ፣ ከዚያ ይጠረግበት። በረኪና ከተጠቀማችሁ ሠራተኛዋ በመመሪያችሁ ያለው ጊዜ እስኪሞላ ጠብቃ በንፁህ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ትድገመው። የጥሪ ቁልፎቹ ላይ በቀጥታ አትርጩ፣ ጨርቁ ላይ ርጩና ጥረጉ። ለቦዩ ደግሞ በየጠዋቱ አሮጌ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። አንድ ብሩሽ፣ አምስት ደቂቃ። ከእኔ ሰርቪስ ይልቅ ይሄ ሊፍቱን ያቆየዋል።

“ኦቨርሎድ” እያለ ይጮሃል፤ ሰው ግን ብዙም የለም። ለምን?

ማንቂያው የሚጮኸው ክብደቱ ከተፈቀደው ወደ 10 በመቶ ሲያልፍ ነው። 1,600 ኪሎ የሚለው ሊፍት በ75 ኪሎ ሒሳብ 21 ሰው ማለት ነው። አምስት ሰው ይዞ ከጮኸ የጭነት መመዘኛው ተዛብቷል፣ ወይም ከካቢኑ ስር የገባ ነገር አለ፣ ወይም የካቢኑ ወለል በሴራሚክ ተለብጧል። የመጨረሻው አያስቃችሁ። ለማሳመር ብለው ካቢን ውስጥ ሴራሚክ የሚያነጥፉ አሉ፤ ሲሚንቶውና ሴራሚኩ ያው ጭነት ነው።

መብራት ሲሄድ ሊፍቱ ውስጥ ያለ ሰው ምን ይሆናል?

ባትሪ ያለው የማዳኛ መሣሪያ ከተገጠመለት ካቢኑ ቀስ ብሎ ቅርብ ወዳለው ፎቅ ይሄድና በሩን ይከፍታል። መሣሪያው ከሌለ ወይም ባትሪው ከሞተ፣ ጄኔሬተር እስኪነሳ ካቢኑ ባለበት ይቆያል። ችግሩ ባትሪው መሞቱን ማንም አያውቅም፣ መብራት እስኪሄድ ድረስ። በወር አንዴ ሰው በሌለበት ሰዓት ወደ ሊፍቱ የሚመጣውን መብራት አጥፍታችሁ ካቢኑ ራሱን ማዳኑን ሞክሩ። ባትሪ በሙቀት ቶሎ ይደክማል፣ አዳማ ደግሞ አዳማ ነው።

ጄኔሬተሩ ተነስቶ መብራቱ ሁሉ በርቷል፤ ሊፍቱ ግን አይሠራም። እንዴት?

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ሊፍት በሦስት ፌዝ፣ በ380 ቮልት ነው የሚሠራው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወይም ቅደም ተከተላቸው ከተቀያየረ ሊፍቱ ውስጥ ያለች አንዲት ሪሌ (መብራቱን የምትቆጣጠር ማብሪያ) “አልሄድም” ትላለች። ልክ ናት። ፌዝ ሲቀያየር ኢንቨርተር የሌለው ሞተር ወደ ኋላ ይዞራል፤ ውጣ ያሉት ሊፍት ይወርዳል ማለት ነው። አምፖልና ፍሪጅ ግን አንድ ፌዝ ስለሚበቃቸው ምንም አይታወቃቸውም።

አንድ ሌሊት እንዲህ ሆነ። ቀን ላይ ጄኔሬተሩ ተጠግኖ ነበር። ማታ መብራት ሲሄድ ተነሳ፣ ሁሉ በራ፣ ሊፍቱ ግን ዝም። ስልክ ላይ ሆኜ ይሄን ያንን ስጠይቅ ሲስተሯ ተናዳ “ደግሞ ላይ ፎቅ ውሃም የለም” አለችኝ። ገባኝ። የውሃ ፓምፑም በሦስት ፌዝ ነው የሚሠራው፤ ወደ ኋላ ሲዞር ውሃ አይገፋም። ጠጋኙ ሁለት ገመድ አቀያይሮ ነው ያሰረው። በማግስቱ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ፣ ከመስመሩም ተለይቶ ሁለቱ ገመዶች ቦታ ተለዋወጡ፤ አለቀ። ስለዚህ ጄኔሬተር ወይም ትራንስፎርመር በተነካ ቁጥር ሊፍቱና ፓምፑ በዚያው ቀን ይሞከሩ።

ሌላም አለ። ጄኔሬተሩ ትንሽ ከሆነ ሊፍቱ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርድና ኢንቨርተሩ ይዘጋል። ሁለት ሊፍት ካላችሁ በጄኔሬተር ሰዓት አንዱን፣ የአልጋውን ብቻ አሠሩ።

ሰው ውስጥ ቢቀርስ? አየር አያልቅበትም?

አያልቅም። ካቢን እንደ ጣሳ የታሸገ አይደለም፣ ከላይም ከታችም መተንፈሻ አለው። የሚያስፈራው አየሩ ሳይሆን የሰው ድንጋጤና የደጋጎች እርዳታ ነው። በብረት በሩን ፈልቅቀው፣ በሁለት ፎቅ መሃል የቆመ ካቢን ውስጥ ያለን ሰው “ዝለል” የሚሉ አሉ። ሰውዬው ሲወርድ ከካቢኑ ስር ያለው ክፍተት ይጠብቀዋል። አደጋው እዚያ ነው።

መጀመሪያ አናግሩት፤ ስሙን ጠይቁ፣ እየመጣን ነው በሉት። ከዚያ ማሽን ክፍል ያለው ዋና ማብሪያ ይጥፋ። ይሄ ሳይሆን ማንም በር አይንካ፤ መብራት ድንገት ቢመጣ ካቢኑ ይሄዳል። የበሩን ባለ ሦስት ማዕዘን ቁልፍ የሚይዘው የሠለጠነ ሰው ብቻ ይሁን፣ በየፈረቃው አንድ። ቁልፉ ጥበቃ ቤት ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ካየሁ እኔ ራሴ አንስቼ ለኃላፊው እሰጣለሁ። ውስጥ ያለው በሽተኛ ኦክስጅን ላይ ከሆነ ግን ለቴክኒሻኑም ለሐኪሙም መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነው፤ ሲሊንደሩ የቀረው ምን ያህል ደቂቃ ነው?

ገመዱ ቢበጠስ ሊፍቱ ይወድቃል?

ፊልም ላይ ነው። ካቢኑን የያዘው አንድ ገመድ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ነው። እነሱ ሁሉ ቢበጠሱ እንኳ ፍጥነቱ ከተለመደው ቢያንስ 15 በመቶ ሲያልፍ ጋቨርነር የምንለው መሣሪያ ይነቃል፣ ከካቢኑ ስር ያሉ የብረት ጥርሶችም ሐዲዱን ይነክሳሉ። ኤሊሻ ኦቲስ ኒው ዮርክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1854 የቆመበት መድረክ ገመዱ ተቆርጦ አለመውደቁን ለሕዝብ ካሳየ ጀምሮ መሠረተ ሐሳቡ ያው ነው።

እኔ ከመውደቅ ይልቅ ወደ ላይ መሄዱን ነው የምፈራው። የሊፍቱ ሚዛን ክብደት (በገመዱ ሌላ ጫፍ ካቢኑ ሲወጣ የሚወርደው፣ ሲወርድ የሚወጣው) ከባዶው ካቢን በላይ የሙሉ ጭነቱን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይመዝናል። 1,600 ኪሎ የሚያነሳ ሊፍት ከሆነ ሚዛኑ ከባዶ ካቢን እስከ 800 ኪሎ ይከብዳል። ፍሬኑ ካለቀ ወይም ዘይት ከነካው፣ ባዶ ካቢን ሚዛኑ እየጎተተው ሽቅብ ይሄዳል። ለዚህ ነው ወርኃዊ ሰርቪስ ላይ ፍሬን ሳይታይ አይታለፍም የምለው።

ገመድ መቼ ይቀየራል?

የገመዱ ክሮች እየተበጠሱ ሲወጡ፣ ገመዱ ሲቀጥን፣ ወይም ቀይ የዝገት ዱቄት ሲያወጣ። ቀዩ ዱቄት ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው። ሲቀየር ደግሞ ሁሉም አብረው ነው። “የተጎዳውን አንዱን ብቻ” የሚል ካለ ውሉን አፍርሱ፤ አዲሱና አሮጌው እኩል አይለጠጡም፣ ጭነቱን አንዱ ይሸከመዋል። የሐዲድ ዘይትም ገመድ ላይ አይቀባም፣ ያንሸራትታል።

በክረምት ከሊፍቱ ስር ያለው ጉድጓድ ውሃ ሞላ። ምን እናድርግ?

ካቢኑን ወደ ላይኛው ፎቅ አውጡና አጥፉት። ውሃ ውስጥ የቆሙትን ኮንታክቶችና የኤሌክትሪክ ገመዶች እስኪደርቁ መብራት አትስጧቸው። አዳማ ዙሪያዋ ኮረብታ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፉ ወደ መሃል ነው የሚመጣው። ግን ሁልጊዜ ዝናቡን አትውቀሱ። በበጋ ውሃ ካያችሁ ከላውንደሪ ወይም ከመጸዳጃ ቧንቧ የሚንጠባጠብ አለ። የሆስፒታል ፍሳሽ ስለሆነ የሚወርደው ሰው ቦትና ጓንት ያድርግ።

ቆሻሻ፣ ምግብና አስከሬን በአንድ ሊፍት ይመላለሱ?

ሁለት ሊፍት ካለ ይለያዩ። አንድ ብቻ ከሆነ ሰዓት ይመደብ፣ ቆሻሻው ከተጓዘ በኋላ ካቢኑ ይጸዳ፣ ምግብ ቀጥሎ አይግባ። ትልልቅ የኦክስጅን ሲሊንደሮች ሲጫኑም በሠንሰለት ታስረው፣ ያለ ተሳፋሪ ይሁን።

የራሳችን ኤሌክትሪሺያን ቢጠግነውስ?

ቦይ ማጽዳት፣ አምፖል መቀየር፣ ባትሪ መሞከር፣ ብልሽት መመዝገብ ይችላል፤ ይገባዋልም። ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ያለው ሆስፒታል ስልክ ላይ ግማሹን እንጨርሳለን። ካቢን ጣሪያ ላይ መውጣትና ጉድጓድ መውረድ ግን ሥልጠና ይፈልጋል፣ ብቻ አይገባበትም፣ የማቆሚያው ቁልፍ ተጭኖ ሊፍቱ ሳይቆም አይነካም።

አንድ ነገር ግን በእግዜር ልለምናችሁ። የበር ኮንታክት ሲያስቸግር በሽቦ “ዳይሬክት” የሚያደርጉ አሉ። ሊፍቱ ይሄዳል፣ አለቃም ደስ ይለዋል። ግን ሊፍቱ ከዚያ ወዲህ በር መዘጋቱን አያውቅም። በር ተከፍቶ ካቢን ይሄዳል፤ ስትሬቸሩ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ። ወይም ኮሪደር ላይ በሩ ይከፈታል፣ ካቢኑ ግን የለም። እንዲህ ዓይነት ሽቦ ሁለት ጊዜ አግኝቻለሁ። ሁለቱም ጊዜ “ለዛሬ ብቻ” ተብሎ የታሰረ፣ አቧራ የጠገበ ነበር። ቆሞ የሚቀር ሊፍት ይሻላል።

የጥገና ውል ስንፈርም ምን እንይ?

መለዋወጫ ይጨምራል ወይስ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው? ሰው ውስጥ ሲቀር በስንት ደቂቃ ይደርሳሉ? ቴክኒሻኑ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ከሆነ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ በፈጣን መንገዱም ቢሆን ሌሊት ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አዳማ ውስጥ የሚያድር ሰው ጠይቁ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚመነዘር፣ ለዓመታት በብር የተቆረጠ የመለዋወጫ ዋጋ እንደማይጸናም ዕወቁት። የበር ሮለር፣ ኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ)፣ የበር ኮንታክትና አንድ የጨረር ሴንሰር ሆስፒታሉ ውስጥ ይቀመጡ። ርካሾቹ ናቸው፣ የሚያቆሙትም እነሱ ናቸው።

ዋናው ተንኮል ግን የቦርዱ ፓስወርድ ነው። አንዳንድ ሊፍት ያለ አቅራቢው መሣሪያና ኮድ አይከፈትም። ውሉ ሲያልቅ ሊፍቱ የእናንተ፣ ቁልፉ የእነሱ ይሆናል። ስትገዙ ኮዱ፣ የኤሌክትሪክ ንድፉና የብልሽት ቁጥሮች ዝርዝር ይሰጠን ብላችሁ አስጽፉ። ከተገዛ በኋላ መለመን ነው።

ሊፍቱ ለቀናት ቢቆም በሽተኛ እንዴት ይውጣ?

ራምፕ ያለው ዕድለኛ ነው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መድረሻ እንዲኖረው አዝዞ ነበር፤ ሊፍት ብቻ ያለው ሕንፃ ሊፍቱ የቆመ ቀን ያም የለውም። ራምፕ ከሌለ ከጥገናው በፊት ከኦፕሬሽን ክፍልና ከማዋለጃ ጋር ተነጋገሩ፤ ቀጠሮ ይሸጋሸግ፣ መንቀሳቀስ የማይችሉት ለጊዜው ምድር ቤት ይተኙ። ሁለት ሊፍት ካላችሁ በአንድ ቀን ሁለቱን አታስፈቱ። ግልጽ ይመስላል፣ ግን ደርሶብኛል።

አሮጌውን እናድሰው ወይስ እንቀይረው?

ሐዲዱና ሚዛን ክብደቱ ጤነኛ ከሆኑ ብዙ ጊዜ ማደስ ያዋጣል። ቦርዱ፣ የበሩ ማሽንና ገመዱ ይቀየራሉ፣ አንዳንዴም ሞተሩ። መቀየር ግድ የሚሆነው ካቢኑ ሲጠብ ነው፤ ሊፍቱ የሚመላለስበት ጉድጓድ ኮንክሪት ስለሆነ በማደስ አይሰፋም።

ከመወሰናችሁ በፊት ሜትር ያዙና ትልቁን አልጋችሁን ከነመደገፊያው ለኩ። የሰው ቁመት የሚያህል ሞኒተር ከጎኑ ቆሞ፣ ነርሷም አብራ ቆማ ለኩ። አቅራቢው የሚነግራችሁ የካቢኑን ወርድ ነው። እናንተ የምትፈልጉት የተከፈተ በሩን ወርድ ነው፤ አዲስ በር ሲገጠም ደግሞ ፍሬሙ ከአሮጌው የሚጠብበት ጊዜ አለ።